ዘይቤ በዘፈንና በኳስ ሜዳ
(ለማኅበሩ አባላት በዓመታዊው ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የሥነ ጽሑፍ መምህር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። ተማሪው «ሰውኛ ዘይቤ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ጠባይ መስጠት መሆኑን ሳይሳሳት ይመልሳል። አንድ ግጥም ቀርቦለት ሰውኛውን እንዲያሳይ ሲታዘዝ ግን ብዕሩ ይቆማል። ይኸው ተማሪ የኳስ ጨዋታ በራዲዮ ሲከታተል ኳሷ ለአጥቂው «አልታዘዝም» ማለቷን ሰምቶ ይስቃል። ኳስ እንደማትሰማና እንደማታምፅ ያውቃል፤ ቢሆንም ነገሩ ገብቶታል። እንግዲህ የጎደለው ማስተዋል አይደለም፤ በጆሮው ያለውን ነገር በደብተሩ ከጻፈው ስም ጋር የሚያገናኝለት ሰው ነው።

የኳስ ሜዳ ቋንቋ የዘይቤ ጎተራ ነው። አጥቂው ባዶ ግብ ስቶ ኳሷን ወደ ሰማይ ሲሰዳት፣ ከተመልካቹ መካከል «አጥቂ ማለት እንዲህ ነው!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይህ ምጸት ነው። ግብ ሲቆጠር «ስታዲዮሙ ተናጋ» ይባላል፤ ይህ ግነት ነው። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ «ፈረሰኞቹ» ይባላል፤ ሰማዕቱ ዘወትር በፈረስ ተቀምጦ ስለሚሣል፣ ከስሙ ጋር የተዛመደው ነገር በስሙ ምትክ ገብቷል። ብሔራዊው ቡድን «ዋሊያዎቹ» ሲባል፣ በስሜን ተራሮች ብቻ የሚገኘው እንስሳ የአገር ተምሳሌት ሆኖ ቆሟል። የኢትዮጵያ ቡና ክለብ መጠሪያ «ቡናማዎቹ» ደግሞ የቅኔ መምህር የማይንቀው ኅብር አለበት፤ ቃሉ ቀለምን ይናገራል፣ ከቡና የወጣ በመሆኑም የክለቡን ስም ይጠራል። ተማሪው እነዚህን ሁሉ ያለ መምህር ተምሯቸዋል።

ወደ ሙዚቃ ቢዞሩም ማስረጃው አይጠፋም። አራቱን የታወቁ ቅኝቶች በስማቸው ብቻ ማየት ይበቃል። ባቲና አምባሰል በወሎ የሚገኙ የቦታ ስሞች ናቸው፤ በቦታው ስም ዜማው ተጠርቷል። አንቺ ሆዬ የጥሪ ቃል ነው፤ በፊት የሌለችውን እንዳለች አድርጎ ማነጋገር ደግሞ እንቶኔ ዘይቤ የሚባለው ነው። ትዝታ በአንድ ቃል የልብን ናፍቆት፣ የዘፈኑን ዓይነትና ቅኝቱን ይይዛል፤ ዘፋኞችም እንደ እንግዳ ይቀበሉታል፣ እንደ ባለዕዳ ይሟገቱታል። አራት ስሞች በሰሌዳ ላይ ቢጻፉ፣ ብዙ ገጽ ትርጓሜ ሊሰጠው ያልቻለውን ትምህርት ይሰጣሉ።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ዘፈንና ኳስ ወደ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ቢገቡ የጥበቡ ክብር ይወርዳል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። የብዙ ዘፈኖች ዘይቤ ያረጀ ነው፤ ብርሌ አይቶ የማያውቅ ወጣት የውድ አንገትን በብርሌ ሲመስል ቃሉን ይደግማል እንጂ ነገሩን አያይም። ስለዚህ ዘፈኑ መነሻ እንጂ መድረሻ ሊሆን አይገባውም። ይሁን እንጂ ክብርን በሚመለከት፣ የቅኔ ሊቃውንት ራሳቸው ያደረጉትን ማስታወስ ይገባል። አንጥረኛ የጌጡን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ሊቃውንቱ የጥበባቸውን ከፍተኛ ስልት ለመሰየም ቃል ያገኙት ከዚህ የእጅ ሥራ ነው። «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስያሜ ራሱ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። ከሚያውቁት ሥራ ተነሥተው የማይታየውን ሰየሙ፤ የዛሬው መምህርም ይህንኑ መንገድ ቢከተል ከትውፊቱ አልወጣም።

ነገሩ የፈተና ውጤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበ ነበር። «ተከላካዩ እንደ ግንብ ቆመ» ሲባል ንጽጽሩ በግልጽ ይታያል፤ ሰሚው «በምን ይመስለዋል?» ብሎ ለመጠየቅ መንገድ አለው። «ተከላካዩ ግንብ ነው» ሲባል ግን «እንደ» ወጥታለች፤ ሁለቱ ነገሮች አንድ ሆነዋል፤ ጥያቄውም አብሮ ተሸሽጓል። የተለዋጭ ዘይቤ ኃይሉ እዚህ ላይ ነው፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ስለ ኳስ ተጫዋች ሲነገር ጉዳት የለውም። ስለ ሰዎች ወገን ሲነገር ግን ይለያል። በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ፣ ሙዚቃና ቀልድ እያሰማ የብዙ ወጣቶችን ጆሮ ይዞ የነበረ የራዲዮ ጣቢያ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ይጠራ ነበር። በረሮ የሚባለውን ምን እንደሚያደርጉት ማንም ሰው ያውቃል፤ ቃሉ ትእዛዙን በውስጡ ይዟል። በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ተፈጁ። ፍጅቱን ያመጣ ዘይቤ ብቻውን ነው ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ዘይቤው እጅን አቅልሏል። በየትም አገር ጎረቤትን አረም ብሎ የሚጠራ ንግግር እንዲሁ ነው፤ አረም ይነቀላል እንጂ አይመከርም።

ስለዚህ የዘይቤ ስም በቃል የሚያዝ ትርጓሜ ሳይሆን፣ ለሰሙት ነገር የሚቀርብ ጥያቄ መሆን አለበት። ተለዋጭ ዘይቤን ያወቀ ተማሪ የወጣችውን «እንደ» ወደ ቦታዋ ይመልሳል፤ ይመስላል የተባለው በምን እንደሚመስል፣ በምንስ እንደማይመስል ይመረምራል። ግነትን ያወቀ ልኩን ይጠይቃል። ምጸትን ያወቀ ከቃሉ ይልቅ የተናጋሪውን አሳብ ይፈልጋል። ኅብርን ያወቀ፣ በደርግ ዘመን በሳንሱር ያለፈ የፍቅር ዘፈን ለምን በብዙ ሰው ዘንድ ሌላ ትርጉም ይሰጠው እንደነበረ ይረዳል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ ተማሪው ከራዲዮ፣ ከዘፈንና ከመንገድ የሰማውን ዘይቤ ይዞ ይምጣ። ቀጥሎ ነገሩ ምን እንደሚሠራ በራሱ ቃል ይግለጽ። ስሙ ከዚህ በኋላ ይነገረው። በመጨረሻም ትኩስ ዘይቤ ያለበት ግጥም ተሰጥቶት ከለመደው ጋር ያመዛዝን። እስከ ዛሬ ስሙ ሲቀድም ነገሩ ሳይደርስ ቀርቷል፤ ነገሩ ቢቀድም ስሙ ራሱ ተከትሎ ይመጣል።