የጓሮው ምጣድና የመሐንዲሱ መለኪያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ስታዲየም ተነሥቶ በቂርቆስ በኩል ወይም ወደ ካዛንቺስ የሚሄድ መንገደኛ የከተማይቱን ሁለት መልኮች በአንድ ጊዜ ያያል። ከበላዩ፣ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር በኮንክሪት ድልድዩ ላይ ያልፋል። ከዋናው ጎዳና ወደ ውስጥ ጥቂት እልፍ ሲል ደግሞ የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ አምስትና ስድስት ቤተ ሰብ የሚጋራው ግቢ፣ በግቢው ጥግም ጭስ ያጠቆረው የማእድ ቤት መጠለያ ይጠብቀዋል። ስለ ካዛንቺስ ሲሆን «ይጠብቀው ነበር» ማለቱ ይቀርባል፤ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ፈርሷልና።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ መጠለያ ነው። ጠዋት እንጀራ ይጋገርበታል፤ ማታና በዕረፍት ቀን ግን መዶሻና ፒንሳ የሚወድ ሰው በግቢው ካለ ዎርክሾፕ ይሆናል። ይህ ሰው ጡረታ የወጣ መካኒክ፣ ራዲዮ መፍታት የለመደ ተማሪ ወይም ሥራ የፈታ አናጢ ሊሆን ይችላል። ከምናለሽ ተራ ወይም ከቆራሌው የገዛውን በርሜል ቆርጦ ምድጃ ያበጃል፤ የቀለም ጣሳውን የከሰል ማንደጃ ያደርገዋል፤ ሆዱ በተቀደደ ጀሪካን ጎመንና ቆስጣ ይተክላል፤ ከጣሪያው አሸንዳ ሥር በርሜል ያስቀምጣል። ይህ የመጨረሻው እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ በሐምሌ ወር 250 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ሲጥል፣ 20 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 5,000 ሊትር ውኃ ይቀበላል፤ ይኸውም ሃያ አምስት በርሜል ነው። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን የጓሮ ሥራ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ለደስታቸው ይሠሩታል፤ ዛሬም «አረንጓዴ» የሚል ስም ተሰጥቶት ብዙ ይነገርለታል። በስታዲየም ዙሪያ ባሉት ግቢዎች ግን ደስታውና ችግሩ ተቀላቅለው ስለኖሩ ስም ያወጣለት አልነበረም።

ስለ ሁሉም መናገር ጊዜ ስለማይበቃ፣ ከነዚህ የጓሮ ሥራዎች መካከል በአገሪቱ የኃይል አጠቃቀም ላይ ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ባስከተለው ላይ መወሰን ይሻላል። ይህም የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በከተማው የተስፋፋው በትናንሽ ዎርክሾፖችና በጓሮ ሠራተኞች እጅ ነው። አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁት ይሆናል፤ ቢሆንም በዚህ ጉባኤ ላይ አንድ ጊዜ መነገር ይገባዋል። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሸክላ ምጣድ ከሥሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞር ቦይ ይቀረጽበታል። ከኒኬልና ከክሮሚየም የተቀላቀለው፣ ኒክሮም የሚባለው ሽቦ በቀጭን ዘንግ ላይ ይጠመዘዝና እኩል ተስቦ በቦዩ ውስጥ ይነጠፋል፤ በጀሶ ወይም በሸክላ ጭቃ ይደፈናል። ከዚያ በኋላ በላሜራ ከፈፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግር ተበጅቶለት፣ አክንባሎ ይከደንበታል። ሲያልቅም ባለቤትዮዋ እንደ ማናቸውም ምጣድ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩና ሽቦ ጠምዛዡ አሉበት፤ መሐንዲስ የለበትም።

ይህ ዕቃ ምን እንደተካ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ ከሚበላው ማገዶ የሚገኘው ሙቀት አብዛኛው ወደ አየር የሚባክን ነው። አዲስ አበባ በአፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ባይደርስላት ኖሮ እንደ ቀደሙት የነገሥታት ከተሞች ማገዶ ሲያልቅ ትነሣ እንደነበረ በታሪክ የሚነገር ነው፤ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችና ልጃገረዶችም የዚያው ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ናቸው። በ1980ዎቹ ዓመታት ከመንግሥት የኃይል ጥናት ባለሙያዎች እጅ ሁለት መልካም ነገሮች ወጡ። አንደኛው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚገጣጠመውና ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ የሚቆጥበው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ነው። ሁለተኛው «ላቀች» የተባለው የከሰል ማንደጃ ሲሆን፣ በኬንያ ጂኮ አርአያ ውስጡ ሸክላ የተለበጠ በመሆኑ ከሰሉን ከሞላ ጎደል በሩብ ይቀንሳል። በጥናት የወጡት እነዚህ ናቸው። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ግን ከጓሮ ሥራ የወጣ በመሆኑ፣ አገልግሎቱ የከተማውን ማእድ ቤት ያዳረሰውን ያህል በባለሙያ አልተፈተሸም። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንመልከት። ሽቦው ሲገጠም 14 ኦም ተቃውሞ ያለው ምጣድ በ220 ቮልት መስመር ላይ ሲሰካ 15.7 አምፔር ይስባል፤ ኃይሉም 3.46 ኪሎዋት ይሆናል። (ኒክሮም ሲግል ተቃውሞው የሚጨምረው በጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ስሌት ታልፏል።) ተራው የቤት ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። ስለዚህ አዲሱ ምጣድ ገና ከመጀመሪያው ድንበሩ ላይ ቆሟል።

ከጊዜ በኋላ ሽቦው በአንድ ቦታ ይበጠሳል። ጠጋኙ የተቃጠለውን ጫፍና ጫፍ ቆርጦ ጥሎ፣ ቀሪውን ሳብ አድርጎ ያጠማዝዘዋል። ምጣዱ ይግላል፤ እንዲያውም «ከቀድሞው ይልቅ ፈጠነ» ተብሎ ይመሰገናል። መፍጠኑ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን የሚጠይቅ የለም። ሽቦው በአንድ አሥረኛ ካጠረ ተቃውሞው ወደ 12.6 ኦም ይወርዳል፤ ፍሰቱ 17.5 አምፔር፣ ኃይሉም 3.84 ኪሎዋት ይሆናል። ሁለተኛ ጥገና ቢጨመርበት ደግሞ ከዚህም ያልፋል። ትርፉ ሙቀት የሚታየው በምጣዱ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሶኬቱ ውስጥ፣ በቀጭኑ ማራዘሚያ ሽቦና በተጠማዘዘው መጋጠሚያ ላይም ይታያል። የላስቲክ ሽታ፣ የጠቆረ ሶኬት፣ በየጊዜው የሚወርድ ብሬከር የዚሁ ምልክቶች ናቸው። ብሬከሩ ሲያስቸግር በሚበልጥ ብሬከር መለወጥ የተለመደ መፍትሔ ሆኗል፤ ይህም ዘበኛው ጮኸ ብሎ ዘበኛውን እንደ ማባረር ነው። በዚህ ላይ የመሬት ሽቦ የሌለው ላሜራ፣ በሊጥ የራሰ እጅና እርጥብ የማእድ ቤት ወለል ሲጨመሩ አደጋው ለማንም ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦች «መጀመሪያውኑ ያልተማረ ሰው ኤሌክትሪክ ለምን ይነካል?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ፍትሕ የጎደለው ነው። የጓሮው ሠራተኛ ሽቦን እኩል መሳብ ያውቃል፤ ጥምዙ አንድ ቦታ ቢጠብቅ እዚያ ላይ እንጀራው እንደሚያርር፣ በላላበትም ዓይን ሳያወጣ ነጥቶ እንደሚቀር ከማንም በላይ ያውቃል። የጎደለው አንድ መለኪያና ያንን መለኪያ እንዴት እንደሚያነብ የሚያሳየው ሰው ነው። መለኪያውን የያዘው ሰው ደግሞ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የማይወያይ የሙያ ስብሰባ የለም፤ በዚያው መስመር ላይ ከመኪናው ቀድሞ ተሰክቶ ስለኖረው ምጣድ ግን አጀንዳ ሲያዝ አይሰማም።

ሁለተኛው ጉዳይ የአጠቃቀም ነው። ምጣድ ሳይግል ሊጥ አይቀበልም። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ለመጋል ሩብ ሰዓት ቢፈጅ 0.875 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ከጋለ በኋላ ለአንድ እንጀራ፣ ማሰሻውና እንደገና መጋሉ ተቆጥሮ፣ ሦስት ደቂቃ ቢመደብ 0.175 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አምስት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ምጣድ ቢያግሉ ለማጋያ ብቻ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያወጣሉ። ያው አምስት ቤት በአንድ የጋለ ምጣድ ላይ በተራ ቢጋግር ግን ማጋያው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል። በተረፈው ሃያ እንጀራ ይጋገራል።

በቂርቆስ ግቢዎች የነበሩት እናቶች ይህንን ያለ ስሌት ያደርጉት ነበር። «ምጣዱ ሳይበርድ ሊጥሽን አምጪ» መባባል የጉርብትና ወግ ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ በብዙ ገንዘብ ጥናት የሚደረግበት የኃይል ቁጠባም ነበር። እርግጥ የጋራ ግቢ ሁሉ ፍቅር ብቻ አልነበረበትም። በአንድ ቆጣሪ ላይ አራት ቤት በተንጠለጠለበት ጊዜ የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ምጣዱ የጠብ ምንጭ ይሆናል፤ ተከራይ ምጣድ እንዳይሰካ የሚከለከልበት ቤት ብዙ ነው። ይህም ቢሆን የመለኪያ ችግር ነው፤ የእያንዳንዱ ቤት ድርሻ ቢታወቅ አብዛኛው ጭቅጭቅ ባልኖረ ነበር።

ጉዳዩን ከግቢው አጥር አውጥቶ ወደ አገሪቱ መስመር ለወሰደው ሰው ቁጥሩ ይበልጥ ያስደንቃል። በበዓል ዋዜማ አንድ መቶ ሺህ ምጣዶች በአንድ ሰዓት ላይ ቢሰኩ 350 ሜጋዋት ያህል ይጠይቃሉ። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ማመንጫ 43 ሜጋዋት ነበር፤ ስለዚህ ለዚያች አንድ ማለዳ ከስምንት በላይ ቆቃ ያስፈልጋል ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የኃይል ምንጩ ሰፍቷል። ነገር ግን ከግድቡ የሚመጣው ኃይል ምጣዱ ጋ የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በዚያው በጠቆረው ሶኬት በኩል ነው።

አሁን መጠለያው ራሱ እየጠፋ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ በኋላ የቀበሌ ቤት የሆኑት ብዙ ግቢዎች በመልሶ ማልማቱ እየፈረሱ ነዋሪው ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውሯል። ስለ መፍረሱ ተገቢነት መከራከር የዚህ ንግግር ዓላማ አይደለም፤ ብዙዎቹ ቤቶች ለመኖሪያ የማይመቹ እንደነበሩ የኖረባቸው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ወደ ፎቅ የወጣ ቤተ ሰብ ጓሮውን ይዞ ሊወጣ አይችልም። ሽቦ የሚጠመዘዝበት፣ በርሜል የሚቆረጥበት፣ ሸክላ የሚደርቅበት ሥፍራ በአፓርታማ ውስጥ የለም። ጎረቤትም ሊጡን ይዞ አራት ፎቅ አይወጣም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ምጣዱን ለብቻው ያግላል።

በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ይህን በከፊል አስቦበት ነበር። ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው የጋራ ሕንፃ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ ተብሎ በየብሎኩ አጠገብ ተሠርቷል። አሳቡ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ሱቅና ወደ መጋዘን የተለወጡት፣ ተቆልፈው የተቀመጡትም አሉ። ከስታዲየም ዙሪያና ከካዛንቺስ ለተነሣው ሕዝብ የሚሠራው የጋራ ሕንፃ ሲነደፍ መሐንዲሱ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ስንት ምጣድ በአንድ ጊዜ ይሰካል? ለያንዳንዱ የራሱ መስመርና የራሱ ንዑስ ቆጣሪ አለው? የመሬት ሽቦው ተለክቷል? ጭሱና እንፋሎቱ በየት ይወጣል? ከማእድ ቤቱ ጎንስ አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ አንድ ጉጠትና አንድ የሚቆለፍ ሳጥን የሚይዝ ስድስት ካሬ ሜትር ክፍል ይገኛል? ይህች ክፍል በፕላን ላይ ትንሽ ናት፤ የጓሮው ጠጋኝ ግን ከዚህ የበለጠ ቦታ ኖሮት አያውቅም።

እስከዚያው ድረስ ግን ፕላን ሳይጸድቅ፣ በጀትም ሳይያዝ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። የማኅበሩ አባላት በወር አንድ ቅዳሜ ኦም መለኪያ ይዘው በቂርቆስ ገና ወዳልፈረሱት ግቢዎችና ሰዎቹ ወደ ሄዱባቸው አዳዲስ ሰፈሮች መሄድ ይችላሉ። ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎ ሲበርድ በሁለቱ የሽቦ ጫፎች መካከል ያለው ተቃውሞ ይለካል፤ ከዚያም በሽቦውና በላሜራው መካከል ግንኙነት አለመኖሩ ይፈተሻል። ሁለቱ ልኬቶች አምስት ደቂቃ አይፈጁም። በላሜራው ጎን ላይ በምስማር የሚጻፍባት ቁራጭ ቆርቆሮ ትታሰራለች፤ የተለካበት ቀንና የተገኘው ኦም ይመዘገብባታል። በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚሰጠው ተቃውሞ 13.75 ኦም ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የወረደ ምጣድ ከተራ ሶኬት ተነቅሎ አዲስ ሽቦ እንዲገባለት ለባለቤቱና ለጠጋኙ ይነገራል። 14 ኦም ሆኖ የተሠራ ምጣድ እዚህ ቁጥር ላይ የሚደርሰው ከመቶ ሁለት እጅ የማይሞላ ሽቦ ሲቆረጥለት ነው፤ ይኸውም ከአሥር ሜትር ላይ አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም።