ሽቦ ስለሚያሳስሩ ወጣቶች የድድ ጤና



ጋፋት ሲባል በሁላችንም ሐሳብ የሚመጣው አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ነው። የዛሬው ንግግራችን ግን ወጣቶች ጥርሳቸው እንዲቃና ስለሚያሳስሩት ቀጭን ሽቦ ነው።

ሽቦ ማሳሰር ለወላጅ ወጪ፤ ለልጅም ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል። ከታሰረ በኋላ ልጁ ጥርሱን ሲፍቅ ደም ያይ ይሆናል፤ ድዱም ይቀላል፤ ያብጣል። ያን ጊዜ ልጁ ፈርቶ ብሩሹን ያስቀምጣል፤ እናትም «እስኪሽርልህ ተወው» ትለዋለች። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የደሙ መታየት መፋቅን ለመተው ሳይሆን፤ ቀስ ብሎ በደንብ ለመፋቅ የሚያሳስብ ምልክት ነው።

ድድን በአብዛኛው የሚያስቆጣው ሽቦው ራሱ አይደለም። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ በሽቦው ሥር ሲቀር ተሐዋስያን ይራቡበትና ለስላሳ እድፍ ይሆናል። ይህ እድፍ ድዱን ያስቆጣል፤ በጥርሱም ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያወጣል። በጉርምስና ዕድሜ ደግሞ ድድ ቶሎ ይቆጣል። ሕመሙ ገና ጅምር ሲሆን እድፉ ከተወገደ ድዱ ወደ ደኅና ጠባዩ ይመለሳል። ቸል ከተባለ ግን ጥርስን የያዘውን አጥንት እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ የሚደረገው ይህ ነው።

አንደኛ፤ ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ቢያንስ 2 ደቂቃ ይፋቅ። ብሩሹ ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብሎ፤ ከሽቦው በላይም በታችም ይዙር። የወይራ መፋቂያ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ከሽቦው ሥር ስለማይገባ ብቻውን አይበቃም። ለዚያ ቦታ በጥርስ መካከል የሚገባው ትንሽ ብሩሽ ይረዳል።

ሁለተኛ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙቶ መጉመጥመጥ ሕመሙን ያስታግሣል፤ የብሩሹን ሥራ ግን አይተካም።

ሦስተኛ፤ ደረቅ ቆሎ ሽቦውን ሊነቅል ስለሚችል ይቆይ። ጣፋጭ ነገርና ለስላሳ መጠጥም ይቀነስ።

በአገራችን አንዳንድ እናቶች ድዳቸውን ይነቀሱ የነበረው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለድድ ሕመም መድኃኒት ይሆናል በሚል እምነት ጭምር ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ንቅሳት እድፉን አያስወግድም፤ የድዱንም መቅላት ይሸፍናል፤ ባልጸዳ መርፌ ሲሆንም የጉበትንና ሌላም ከባድ በሽታ ያስተላልፋል።

እንዲህ እየተጠነቀቁ ደሙ በሁለት ሳምንት ካልቆመ፤ መግል ከታየ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ፤ ሳይዘገዩ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ወላጆች ሆይ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ቢበዛባችሁም ማታ ማታ ለ2 ደቂቃ ከልጃችሁ አጠገብ ቁሙ። ደም ያየ ልጅ የሚያስፈልገው ተግሣጽ ሳይሆን «አይዞህ፤ ቀስ ብለህ ፋቀው» የሚለው ቃል ነው።