ዋርሶ፤ ከፍርስራሽ የተነሣች ከተማ

ዛሬ የፖላንድን ዋና ከተማ ዋርሶን እናስጎበኛችሁ። ፖላንድ በአውሮፓ ያለች አገር ናት።

አሮጌውን ሰፈር፣ አደባባዩንና የንጉሡን ግቢ ያየ እንግዳ «ይህ የጥንት ሰዎች ሥራ ነው» ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ሕዝቡ በናዚ ጀርመን ወራሪዎች ላይ ተነሣ። ወራሪዎቹም ከተማዋን አቃጥለው፣ በፈንጂ አፍርሰው፣ የድንጋይ ክምር አደረጓት። ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡ ፍርስራሹን ዝቆ፣ ደህናውን ሸክላ ለይቶ፣ እንደገና ሠራት።

ታዲያ የድሮውን ቤት መልክ በምን አወቁት? የሕንፃ ትምህርት መምህራንና ተማሪዎች ቤቶቹን ለክተው በወረቀት ነድፈው ነበር። ወረቀቱንም በአንድ ገዳም ደብቀው አተረፉት። የጥንት ሥዕሎችም ረዱ። የንጉሡ ግቢ ሳይቀር በ1984 ተሠርቶ አለቀ።

ከከተማው ወጥተን ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብንሄድ ደግሞ፣ ሾፓን የተባለው ስመ ጥር የዜማ ሰው በ1810 የተወለደበትን የገጠር መንደር እናገኛለን። እሱ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆነው። ዜማው ግን በወረቀት ስለሰፈረ ዛሬም ይሰማል።

እንግዲህ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው እውነት ነው። እኛም የአባቶቻችንን ታሪክ፣ የመንደራችንን ነገር፣ ዛሬ ማታ አንድ መስመር እንኳ እንጻፍ።