ስለ ሰም አቀላለጥና ድብልቅ



ፒያሳ ወርዶ ሻማ የገዛ ሰው «ምን ገዛህ?» ቢሉት «ሰም ነዋ!» ይላል። የሱቁ ነጭ ሻማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ፓራፊን ነው። የንቡ ሰም በየቤታችን ጠጅ ሲጠለል ከሚቀረው ሰፈፍ ይገኛል፤ ጧፍም የሚሠራው ፈትል በዚሁ ሰም እየተነከረ ነው።

ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ደሴ ከፍታዋ ብዙ ስለ ሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ሰሙን ለማቅለጥ ይበቃል። ስለዚህ የሰሙን ዕቃ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ እናስቀምጠው እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አንጣደው። ከመጠን በላይ የጋለ ሰም እንፋሎቱ ይቀጣጠላል። ያን ጊዜ በክዳን ማፈን ነው፤ ውሃ የደፋበት ሰው የሚነደውን ሰም በፊቱ ላይ ይረጨዋል።

ሚዛን እንዲያነሣ ብለው ሰም ላይ ሞራ የሚቀላቅሉ አሉ። ይህ በእኛ አስተያየት ሌብነት ነው። ሞራ የበዛበት ጧፍ በደሴ ብርድ ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይለሰልሳል፤ ሲበራም ይጨሳል፣ ይሸታል።

ሆኖም ሞራን ጨርሶ አንናቀው። ሼቭረልና ጌይ ሉሳክ የተባሉ ፈረንሳውያን ሊቃውንት ከስብ በተለየ አሲድ ሻማ ለመሥራት በ1825 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝተዋል። ስቴሪክ አሲድ የሚባለው ይኸው በ69 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ለ9 እጅ ፓራፊን 1 እጅ ቢጨመር ሻማው ይጠነክራል፣ ይነጣል።

ቀለም የሚሻ ሰው በዘይት የሚሟሟውን ይፈልግ። በውሃ የሚበጠበጠው የልብስ ቀለም ከሰም ጋር አይዋሐድም፤ ከዕቃው ሥር ይዘቅጣል።