ለእንስሳትና ለቅርስ ወዳጆች የሚሆን ሽርሽርና ስጦታ

(በእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የእድሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር። ያልተገኙ አባሎች እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የእድሩ ዳኛ የሂሳቡን ነገር ስለ ጨረሱልን እኔ የምናገረው በአጀንዳው ሁለተኛ ተራ ላይ ስለ ተጻፈው ነው፤ ይኸውም የኅዳር ወር ሽርሽራችንና የበዓል ስጦታ ጉዳይ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የሚል ይኖራል። ያገናኛቸው አንድ እንግዳ ሰው ነው።

ባለፉት ሦስት ሳምንታት ይህ ሰው በሰፈራችን ቤት ለቤት ሲዞር ያላየው የለም። ሰላምተኛ ነው፣ አነጋገሩም ትሑት ነው። አሮጌ የብራና ዳዊት፣ የጥንት መስቀል፣ የነብር ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ ጌጥ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ውጭ አገር ለሚኖር የቅርስ ወዳጅ ለስጦታ የሚሆን ነው ይላል። ለአንዲት እናታችን በአባታቸው ዳዊት ላይ ዋጋ ቆርጦላቸዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸውም እዚሁ ተቀምጠዋል። እስከ ዛሬ አልሸጡም። ግን የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶባቸዋል፣ ሰውየውም ሐሙስ ተመልሼ እመጣለሁ ብሏል። ስለዚህ ነገሩ የወሬ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ስጦታ መስጠት ጥሩ ነው። ቅርስ መውደድም ጥሩ ነው። ነገር ግን ቅርስ የሚወድ ሰው ቅርሱን ከባለቤቱ ቤት አውጥቶ በሻንጣ የሚያስጭን ከሆነ፣ መውደዱ ምኑ ላይ ነው? አውሬ የሚወድ ሰውም የአውሬ ቆዳ ግድግዳው ላይ የሚሰቅል ከሆነ እንደዚያው ነው። ሕጉም ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የዝሆን ጥርስንም በተመለከተ መንግሥት በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የተያዘ ጥርስ ጉለሌ በሚገኘው የዕፅዋት ማዕከል በአደባባይ አቃጥሏል። ያን ሁሉ ያቃጠለ መንግሥት በአያት የተሰጠ አምባር ነው ብትሉት ኤርፖርት ላይ ይለቃችኋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ስለ ሻንጣ ካነሣሁ አይቀር አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። አቶ ሲራክ አስፋው የሚባሉ በሆላንድ አገር፣ በሮተርዳም ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ቤታቸው ለአገር ልጅ ሁሉ ክፍት ነበር። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ቤታቸው ያረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አንድ ዘውድ አገኙ። ዘውዱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ትግራይ ውስጥ ከሚገኘው ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ነው። ሰውየው ምን ያድርጉ? ለእንግዳው ቢመልሱት ይሸጠዋል። ለሌላ ቢሰጡት የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ስለዚህ ይህ ከቤቴ አይወጣም ብለው 21 ዓመት ሙሉ ደብቀው ጠበቁት። በመጨረሻም በየካቲት 2012 ዓ.ም. ዘውዱ አገሩ ገባ። እስቲ አስቡት፣ 21 ዓመት የሰው አገር ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ አደራ መጠበቅ! እኛ ደግሞ እዚሁ አገራችን ላይ ተቀምጠን፣ ጠዋት ጠዋት የሚደገምበትን ዳዊት ለማያውቁት ሰው እንዲሰጡ እናታችንን ዝም ብለን ልናይ ነው?

ኮሚቴው ያቀረበውን ሐሳብ ወደ ኋላ እናገራለሁ። አስቀድሜ ሽርሽሩን ልጨርስ።

ዘንድሮ እንደ ወትሮው ሥጋ ቆርጠን፣ ሙዚቃ ከፍተን፣ ሜዳ ላይ ውለን ከመመለስ ይልቅ የቡታጅራን መንገድ ይዘን እንሂድ የሚል ሐሳብ ነው የቀረበው። በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ይታያል። ሦስቱም እንስሳ ለሚወድም ታሪክ ለሚወድም ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ ነው። ይህ ቦታ ከአጠገቡ ካለው ከባልጪት ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጩት ምን እንደሆነ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል፤ ያ እንደ ምላጭ የሚስል ጥቁር፣ መስታወት የመሰለ ድንጋይ ነው። የጥንት ሰዎች ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት ይኸንኑ ድንጋይ እየፈለጡ መቁረጫ ይሠሩበት ነበር። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ2010 ዓ.ም. በወጣ ጥናት እንደ ተገለጸው፣ በዚያ ቦታ 700 ሺህ ዓመት የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል። የትልልቅ ሰዎች ዱካ አለ፣ ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ዱካ አለ፣ ከዚያው አጠገብ የጉማሬና የወፍ ዱካ አለ። ትልልቆቹ የጉማሬ ሥጋ በድንጋይ ሲቆርጡ ሕፃናቱ እዚያው ጭቃው ላይ ይጫወቱ ነበር ማለት ነው። ልክ የእኛ ልጆች በሬ ሲታረድ ከቢላው ሥር አልነሣም እንደሚሉት! ሙዚየሙ ውስጥ አስረጂ ስላለ ስለዚህ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁት። ልጆች ፊት እንዲቆሙ፣ ረጃጅሞች ወደ ኋላ እንዲሉ ከአሁኑ አሳስባለሁ።

ሁለተኛው አዳዲ ማርያም ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ጎን ገባ ይላል። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በቅዱስ ላሊበላ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ላሊበላ ድረስ ለመሄድ ጉልበትም ገንዘብም ያጠራቸው አረጋውያን ስላሉን ይህን ቦታ መምረጣችን ትክክል ይመስለኛል። ጫማ ይወልቃል፣ እናቶች ነጠላ አይርሱ። ቀኑ ግን 21 ላይ እንዳይውል፣ የማርያም ዕለት ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ለሽማግሌ መተላለፊያ የለውም።

ሦስተኛው ጢያ ነው። እዚያ በአንድ ሜዳ ላይ 36 ድንጋዮች ቆመዋል። አብዛኞቹ ላይ ሰይፍና ሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል። የአካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይለዋል። ጥናቱ የሚለው ግን ቦታው የመቃብር ሥፍራ መሆኑንና ከግራኝ ዘመን አስቀድሞ መቆሙን ነው። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድንጋዩ ላይ መቀመጥ፣ መደገፍ፣ ስም መጻፍ ክልክል ነው። ባለፈው ዓመት ሽርሽር ላይ ዛፍ ላይ ስሙን የቀረጸ ወጣት እንዳለ አውቃለሁ፤ ራሱም ያውቃል፤ ከእኔ አጠገብ ይቀመጣል።

ደብረ ሊባኖስ ይሻላል ያሉ አባሎች አሉ። እውነትም ለእንስሳ ወዳጅ እሱን የሚያህል የለም። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነው፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ፋሺስት መነኮሳቱንና ምእመናኑን የፈጀበት ቦታ ነው፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ ጭላዳ በመንጋ ይታያል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በዱር አይገኝም። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ የሚበላውም ከሞላ ጎደል ሣር ብቻ ነው። ስለዚህ ሙዝና ዳቦ መወርወር ደግነት አይደለም፤ መንገድ ላይ ወጥቶ መኪና እንዲጠብቅ ያስለምደዋል። ይህን ጉዞ ለሚያዝያ እናቆየው የሚል ነው የኮሚቴው አስተያየት። ሁለቱንም መንገዶች በተመለከተ ግን ከመነሣታችን በፊት የመንገዱ ጸጥታ ይጠየቃል፤ ደህና አይደለም ከተባለ ገንዘቡ ይመለሳል እንጂ ማንም በድፍረት አይሄድም።

መሄድ ለማይችሉት ከተማው ውስጥም ግማሽ ቀን የሚያስውል አለ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ሙዚየም ድሮ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት እንዳለ ይታያል። ከዚያ ዝቅ ብሎ በብሔራዊ ሙዚየም በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ አለች፤ ለሕዝብ የሚታየው አምሳያዋ ነው፣ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ይቀመጣል። ስንቶቻችን ነን በበሯ በታክሲ እያለፍን አንድ ቀን እንኳ ያልገባን?

አሁን ወደ ስጦታው ልምጣ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ወይም እዚሁ ያለ ወዳጅ እንስሳና ቅርስ የሚወድ ከሆነ ምን ይሰጠዋል?

እኔ ብሆን አዲስ የተሠራ የእጅ ሥራ እሰጣለሁ። ቀጨኔ ያሉት ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን የሚሠሩት ጀበና አሮጌ አይደለም፣ ግን ጥበቡ አሮጌ ነው። ሽሮ ሜዳ ያለው የሸማኔ ሥራም እንደዚሁ። ሙዳይ፣ አገልግል፣ ከከብት ቀንድ የተሠራ ዋንጫ፣ እነዚህን ሰጥታችሁ ማንም አይጠይቃችሁም፣ ሠሪውም እንጀራ ይበላበታል። ለውጭ ሰው ቀላል ሸክም ከፈለጋችሁ የኢትዮጵያ ቴምብር አለ። በ1911 ዓ.ም. በወጡት ቴምብሮቻችን ላይ ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ ዝሆን፣ ሰጎን ይታያሉ። በዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ባለው የቴምብር ሙዚየም ልጆቹን ብታሳዩአቸው እሱም ራሱ ስጦታ ነው።

እንስሳ ለሚወድ ልጅ ደግሞ ኤሊ ወይም የጦጣ ግልገል ከገጠር አታምጡለት። የጦጣ ግልገል ለመያዝ እናቲቱ ትገደላለች፤ ልጁ ግን ይህን አያውቅም። የአቦሸማኔ ግልገሎች ሳይቀሩ በባሕር ማዶ ለሀብታም ቤት ጌጥ እንዲሆኑ በድብቅ ሲወጡ ይያዛሉ። ከተያዙት አንዳንዶቹ በሆለታ አቅጣጫ እንሰሳ ኮቴ በሚባለው ማቆያ ይጠበቃሉ። ለልጁ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና አንድ ደብተር ስጡት፤ ከበረንዳው ሆኖ ቁራና ጭልፊት እያየ ይጻፍ። ማጅራቱ ነጭ የሆነው፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው የእኛ ቁራ ለሌላው ዓለም ብርቅ መሆኑን ስንቱ ያውቃል?

አንድ ተጨማሪ አለኝ፤ አትሳቁ። ለጎረቤት ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብ ጥሩ የበዓል ስጦታ ነው። አሸዋና ጡብ ለሚያመላልሰው የአህያ ባለቤት ደግሞ ከመጫኛው ሥር የሚገባ ወፍራም ድሪቶ ሰፍታችሁ ስጡት። የዚያን አህያ ጀርባ ያየ ሰው ለምን እንዳልኩ ይገባዋል።

አሁን ወደ እናታችን ጉዳይ። የኮሚቴው ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ከመጠባበቂያው ሂሳብ ያለ ወለድ ይበደሩ፤ በአሥር ወር ከወርሃዊ መዋጮ ጋር ጥቂት በጥቂት ይመልሱ። መጠባበቂያው ለሐዘን ነው፣ ለዳዊት አይደለም ያሉ አባል አሉ። አነጋገራቸው ተገቢ ስለሆነ በቃለ ጉባኤው ላይ ጽፌዋለሁ። ለሐዘን የሚያስፈልገው እንደማይነካ ግን የሂሳብ ሹሙ ሰነዱን ይዘው ያስረዳሉ። ዳዊቱንም በተመለከተ እሳቸው ከፈቀዱ አንድ የኮሚቴ አባል አብሯቸው ወደ ወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዶ ያስመዘግባል። መመዝገብ ማለት መወረስ አይደለም፣ መጽሐፉ ከቤታቸው አይወጣም። ሌላም ቤት አሮጌ መጽሐፍ ወይም መስቀል ያለው ካለ አብሮ ቢያስመዘግብ ይሻላል። ሰውየው ሐሙስ ሲመጣ የእድሩ ዳኛና እኔ ከእናታችን ጋር ቡና እየጠጣን እንጠብቀዋለን። ጠብ የለም፤ ስሙንና ማን እንደላከው ብቻ እንጠይቀዋለን።

ብድሩን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።

(በ61 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞ፣ በ7 ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል።)

ለሽርሽሩ ስማችሁን የምታስመዘግቡት እስከ ጥቅምት 30 ድረስ በእድሩ ቤት ነው፤ አውቶቡሱ የሚይዘው 45 ሰው ስለሆነ ቅድሚያ ለአረጋውያንና ለልጆቻቸው ነው። ኅዳር 15 ጾም ስለሚገባ ስንቁ ለሁሉም እንዲመች የጾም ይሁን ተብሏል። ድንኳኑና ትልቁ ድስት ስለማያስፈልጉ አይወጡም። ከባለፈው ለቅሶ ያልተመለሱ አሥራ ሁለት ወንበሮች ያሉባችሁ ግን እባካችሁ ከቅዳሜ በፊት መልሱ።