ራም ተጨመረ፣ ኮምፒውተሩ ደረቀ

(አጭር ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ጅማ ውስጥ፣ ቦሳ አዲስ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ፣ ኮምፒውተሩ ፈጠን እንዲል 4 ጊጋ ራም ተጨመረለት እንበል። በማግስቱ የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እየታተመ ሳለ ስክሪኑ ድርቅ አለ፤ ማውዙም አልነቃነቅ አለ።

ብዙ ሰው ወዲያው “ቫይረስ ነው” ብሎ ፎርማት ያስደርጋል። ኧረ አይቸኩሉ! ችግሩ ከራሙ ጋር ከመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ራሙ ነው።

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ከመብራት ይንቀሉት። አዲሱን ራም አውጥተው በአሮጌው ብቻ ያሠሩት። ካልደረቀ ደግሞ አዲሱን ብቻውን፣ በዚያው ማስገቢያ ይሞክሩ። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር እርጥበት የራሙን ወርቃማ ጥርሶች ሊያበላሽ ይችላል፤ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ያጽዷቸው።

ሁለቱም ለየብቻ ሠርተው አብረው ሲሆኑ ቢደርቅስ? ያኔ አለመጣጣም ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ዲዲአር 3 የተባለው የራም ዓይነት በ1.5 ቮልት ይሠራል፤ “ኤል” የተጨመረበት ግን 1.35 ቮልት ይበቃዋል። ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። 1.35 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ላፕቶፕ ግን ከ1.5 ቮልቱ ጋር አይስማማም። ስለዚህ ገበያ ሲወጡ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የተለጠፈባቸውን ጽሑፍ ያስተያዩ።

አሁንም ከተጠራጠሩ ሜምቴስት 86 የተባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ጭነው፣ መብራት ካልሄደ፣ ሌሊቱን ያሠሩት። አንድ ስሕተት እንኳ ከቆጠረ ራሙን ለሻጩ መልሰው ያስቀይሩ።

(ሙዚቃ)