ሌሊት የሚቆጥር አበባ

በሲሪንቃ፣ በመርሳና በወልድያ ዙሪያ ያላችሁ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የዛሬው ትምህርታችን ለሽያጭ ስለሚተከል አበባ ነው። ስሙ ለአንደበት ይከብዳል፤ ከፋፍለን እናንብበው። ክሪ-ሳን-ቲ-መም። ክሪሳንቲመም።

አበባው ከሩቅ ይምጣ እንጂ ዘመዶቹ እዚሁ ናቸው። አደይ አበባ፣ ኑግና ሱፍ ቤተሰቦቹ ናቸው። ቻይናዎች ከሺህ ዓመት በላይ ሲተክሉት ኖረዋል። ከሆለታ፣ ከሰበታና ከዝዋይ ወደ አውሮፓ የሚጫነው አበባ አብዛኛው ጽጌረዳ ነው። ክሪሳንቲመም ግን ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ለሠርግም፣ ለምረቃም፣ ለለቅሶም ይሆናል።

እንግዲህ ችግሩን ልንገራችሁ። አንድ ሰው ችግኙን ሲሪንቃ ላይ ቢተክል፣ ቢያጠጣ፣ ቢኮተኩት፣ አበባው ቁመቱ ሳይበቃ እንቡጥ ይይዛል። አበባ ሻጭ ደግሞ ረጅም አገዳ እንጂ አጭር አይፈልግም። ድካሙ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ጥፋቱ የማዳበሪያው ነው? አይደለም። የሌሊቱ ነው።

ይህ ተክል የሌሊቱን ርዝመት ይቆጥራል። ጨለማው ከ10 ሰዓት ያህል ሲበልጥ ማደጉን ትቶ ወደ ማበብ ይዞራል። ጋርነርና አላርድ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ዕፅዋት በቀንና በሌሊት ርዝመት እንደሚመሩ እ.ኤ.አ. በ1920 ጽፈው አሳወቁ። የእኛ ገበሬ ግን ነገሩን በማሽላው ያውቀዋል። የአገሩ ማሽላ ዘግይቶ ቢዘራም ራስ የሚያወጣበት ጊዜ ብዙ አይርቅም።

በሲሪንቃ ረጅሙ ቀን የሰኔ ነው፤ እሱም 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ሌሊታችን ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት አይወርድም። በኔዘርላንድ ይኼ ተገላቢጦሽ ነው። በበጋ ቀኑ 16 ሰዓት ስለሚያልፍ፣ አምራቾቹ በመስተዋት ቤታቸው ውስጥ ጥቁር ሸራ እየጋረዱ ሌሊት ይጨምሩለታል። እኛ ሌሊቱን መቁረጥ አለብን።

በምን እንቆርጠዋለን? በመብራት። ከመደቡ በላይ አምፖል ይሰቀላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይበራል። እስኪነጋ ማብራት አያስፈልግም። ጨለማው መሐል ላይ ከተቆረጠ ተክሉ ሌሊቱ አጭር ይመስለዋል። ዩጋንዳ ውስጥ ለአውሮፓ ችግኝ የሚያመርቱ እርሻዎች እናት ተክሎቻቸውን እንዳያብቡ የሚይዙት እንዲሁ ነው። አገዳው ጉልበት ሊደርስ ሲል መብራቱ ይጠፋል። ከዚያ በ8 ወይም በ9 ሳምንት ገደማ አበባው ይደርሳል፤ አገዳውም እስከዚያ ይጨምራል።

ችግኙ የሚገኘው ካላበበ እናት ተክል ጫፍ ነው። የጣት ርዝመት ያህል ተቆርጦ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ጥላ ሥር ይተከላል። በሁለት ሳምንት ሥር ይሰድዳል። ወደ መደብ ከዞረ በኋላ ጫፉን ብትቀነጥቡት ሦስት አራት ቅርንጫፍ ያወጣል።

ላስቲክ ቤትስ? አንዳንዱ ለሙቀት ይመስለዋል። በብርድ አገር እውነት ነው። እኛ ዘንድ ዋናው ጥቅሙ የክረምቱን ዝናብና በረዶ መከልከል ነው። ቅጠሉ ረጥቦ ሲያድር ነጭ ዋግ ይይዘዋል። ዋጉ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ፍንጣቂ መስሎ ይታያል። የታመመው ተነቅሎ ይቃጠላል። ጎንና ጎኑ ካልተከፈተ ግን ላስቲኩ ራሱ እርጥበት አፍኖ ዋጉን ያባብሳል። ክሽክሽንም ሁልጊዜ ተመልከቱ።

መብራት የሌለውስ ምን ያድርግ? ሜዳ ላይ አጭሩን ዓይነት ይትከል፤ በእቅፍ ሳይሆን በማሰሮ ይሽጠው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ ለመጀመሪያ ዓመት ከአንድ መደብ በላይ አታስፉ። የማሽላውንና የጤፉን መሬት አትንኩ፤ አበባ አይበላም። ገዢውንም ከመትከላችሁ በፊት ወልድያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

በሉ አሁን እርሳስ አንሡ። ደብተራችሁ ላይ ሦስት መስመር አስምሩ። በመጀመሪያው «የተተከለበት ቀን» ብላችሁ ጻፉ። በሁለተኛው «መብራት የጠፋበት ቀን»። በሦስተኛው «የተቆረጠበት ቀን»። ቀኑን ስትተክሉ ትሞሉታላችሁ። ደኅና ሰንብቱ።